የጠፋው ፌዝ

ጎበና በናዝሬት ከተማ አንደኛው መካኒክ እኔ ነኝ ባይ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛም ሦስተኛም ሊሆን ይችላል፤ ማንም የማይደርስበት በአፉ ነው። መፍቻው ከኪሱ ሳይወጣ ፍርዱ ከአፉ ይወጣል።

አሥረኛው የአብዮት በዓል ሊከበር ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው የእንጨት መሰንጠቂያ ቀጥ አለ። ለበዓሉ መድረክ የሚሆነው ጣውላ ገና ግማሹም አልተሰነጠቀም። ማብሪያው ሲጫን ሞተሩ «እምምም» ብሎ ያቃስታል እንጂ አይዞርም። ጎበና ተጠርቶ መጣና መጋዙን በእጁ ገፋ ቢያደርገው ሲጥ አለ።

«ኩሽኔታው ነዋ! ግራሶ ከቀመሰ ስንት ዘመኑ! ይሄ እኮ ሁዳዴ የሚጾም ኩሽኔታ ነው» አለ። ሠራተኛው በሙሉ ሳቀ።

ሁለት ሰዎች ግን አልሳቁም። አንዱ የድርጅቱ ካድሬ ጓድ አምባዬ ነው። ሌላው በዚያ መጋዝ ላይ የሸበቱት ጋሽ ሰንበታ ናቸው። ኩሽኔታውን ግራሶ የሚቀቡት እሳቸው ናቸዋ።

«ግራሶ ካልተቀባ፣» አለ አምባዬ፣ «ሆን ተብሎ ነው። ለበዓሉ ታስቦበት የተሠራ አሻጥር ነው!»

በዚያ ዘመን አሻጥር የተባለበት ሰው ቤቱ ማደሩ ያጠራጥር ነበር። ወዲያው የአብዮት ጥበቃው ጉተማ ጠመንጃውን አንግቦ መጣ።

«ዋቃዮ ምስክሬ ነው፣ ጠዋትም ቀብቻለሁ!» አሉ ጋሽ ሰንበታ።

ጎበና ክው አለ። ከደራ ባዶ እጁን ሲመጣ አብልተው ያሳደሩት፣ መፍቻ አያያዝ ያሳዩት እኚህ ሰው ናቸው። አሁን በአንዲት ቀልድ እስር ቤት ሊያስገባቸው ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይሄ ነው።

«ጓድ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ። ተሳስቼ ይሆናል» አለ። ከዚያ በፊት ይህን ቃል ሲናገር የሰማው ሰው አልነበረም።

«እስከ ምሳ ሰዓት» አለ አምባዬ። «ደግሞ ፌዝህን ተው! አንዲት ፌዝ ብሰማ አንተንም አብሬ ነው የማስገባህ።»

ጎበና ኩሽኔታውን ከፈተው። በግራሶ ጠግቧል። ሲጥ ያለው ለካ ሞተሩን ከመጋዙ ጋር የሚያገናኘው የደረቀ ቺንጋ ነበር። ቺንጋውን አውጥቶ ሞተሩን ከመጋዙ ለየውና አስነሣው። ሸክም ሳይኖርበትም ያው «እምምም» ነው። እንግዲያው መጋዙ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ሞተሩ ላይ ገመድ ጠምጥሞ፣ ማብሪያው ሲጫን ሳብ ቢያደርገው እያነከሰም ቢሆን ዞረ። ያን ጊዜ ጎበና በሽታው ገባው። ሞተሩን አጥፍቶ አምፑል ያለበትን ሽቦውን አወጣና ከፊውዞቹ በታች ያሉትን መስመሮች አንድ በአንድ ነካቸው። በአንደኛው አምፑሉ በራ። በሁለተኛውም በራ። ሦስተኛው ጭልም አለ።

«ፌ...» ብሎ ጀመረና አፉን በመዳፉ አፈነ።

«ምን አገኘህ?» አለ አምባዬ።

«አንድ ነገር ጎድሏል፣ ጓድ።»

«ምን?»

«ከሦስቱ አንዱ።»

«ስም የለውም እንዴ?»

«ስምስ አለው። እርስዎ ከልክለውኛል እንጂ።»

«ተናገር!»

«ፌዝ ነው ጓድ! አንድ ፌዝ ጎድሎናል!»

አምባዬ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ጉተማም ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ጎበና ላብ እያጠመቀው፣ እያንዳንዱን የመብራት መስመር ባለሙያዎች ፌዝ እንደሚሉት፣ ስሙን እሱ እንዳላወጣው፣ ሦስት ፌዝ የሚፈልግ ሞተር በሁለት ፌዝ ከቆመበት እንደማይነሣ አስረዳ።

«ታዲያ ሦስተኛውን ማን ወሰደው?» አለ አምባዬ፣ ገና ሳይበርድለት።

የሦስተኛው መስመር ፊውዝ ነዶ ጠቁሯል። ከሥሩ አንድ ትርፍ ሽቦ ይወጣል። ጎበና ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ ግድግዳውን አለፈ፣ ግቢ ወጣ፣ ግራሩ ሥር ሲደርስ ቆመ። ሽቦው የሚያልቀው ግራሩ ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ላይ ነው። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ድምፅ ማጉያው ጭጭ ብሏል። ሁሉም ሰው ልብ ብሏል፣ ሁሉም በሆዱ ተመስገን ብሏል። ግን የአብዮቱ መዝሙር ተቋረጠ ብሎ ማን ይናገራል?

ደግሞም ያን ሽቦ ባለፈው ሳምንት መሰላል ላይ ወጥቶ በገዛ እጁ የቀጠለው ጓድ አምባዬ ነው። ያን ዕለት ሁሉም አጨብጭቦለታል። ፊውዙ ድምፅ ማጉያውንም መጋዙንም ተሸክሞ ሰነበተና አንድ ወፍራም ግንድ ሲጨመርበት አልቻለም።

ጉተማ የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ ቅን ሰው ነበር። «ታዲያ የትኛውን ጓድ ልውሰድ?» ሲል ጠየቀ።

የአምባዬ ቆሌ ተገፈፈ። እንኳን በአሥረኛው በዓል፣ በአዘቦቱም ቀን አሻጥር ካድሬ አይምርም። ጎበና ምላሱ ላይ ቀልድ ተሰልፎለት ነበር። ሰውየው የጉተማ ጠመንጃ ላይ ሲያፈጥ ሲያይ ግን ሁሉንም ዋጠው፤ እንኳን ሊስቅ አሳዘነው።

ጋሽ ሰንበታ ከእጃቸው ላይ ሰጋቱራውን እያራገፉ መጡ። ትርፉን ሽቦ አገላብጠው አዩና «አይጥ ናት» አሉ።

«አይጥ?» አለ ጉተማ።

«ታዲያስ። ይኸው ሽቦውን በልታዋለች። ጎበና፣ አይጥ አይደለችም እንዴ?»

«አይጥ ናት፣ ጋሼ» አለ ጎበና። «ያውም ዳጎስ ያለች።»

አይጥ ይታሰር የሚል ትእዛዝ ስላልነበረው ጉተማ ጠመንጃውን አንግቶ ሄደ። ጎበና ትርፉን ሽቦ ነቅሎ አዲስ ፊውዝ አስገባ፣ ቺንጋውንም መለሰ። ሠራተኛው ወደየሥራው ሲበተን አምባዬ ብቻ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ቆይቶ ወደ ጋሽ ሰንበታ ጠጋ አለና፣ ዓይናቸውን ማየት አቅቶት ሰጋቱራውን እያየ፣

«ሁለተኛ አይለምዳትም፣ አባባ» አለ። «ይቅር ይበሏት።»

«ይቅር ብያታለሁ» አሉ ጋሽ ሰንበታ፤ ማብሪያውንም ተጫኑት።