የፍሪጁ ጓጉንቸር

ሃያ ስምንት ዓመት የሰው በር ሲከፍት የኖረ ቁልፍ ሠሪ፣ በገዛ ቤቱ ስኳር ማውጣት አቅቶት ወጥ ቤት መሀል ቆሟል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ቆሞ ነበር! ሃያ ሦስት ቁልፍ የተንጠለጠለበትን ቀለበት እያንሿሿ አንዱን ይከታል፣ «አይደለም» ይላል፣ ያወጣል፣ ሌላ ይከታል። ሚስቱ ከኋላው ወገቧን ይዛ ታየዋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሴትዮዋ ልትደርስ ሩብ ሰዓት ነው የቀራት። ሻዩን በጨው ላቅርብላት?»

«ጨውም ተቆልፏል» አለ ዞር ሳይል።

ሚስቱ ልትጮህበት አፏን ከፈተችና ሳቅ ቀደማት። ምድጃውን ተደግፋ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች፤ እሱም ተከተላት። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ናቸው፤ ያለ ምንም ምክንያት ይስቃሉ።

ምክንያት የለም ማለቴ እንኳ ስህተት ነው፤ ምክንያቱማ አለ። በተጋቡ በአሥራ ስድስተኛ ዓመታቸው፣ ሐኪም ቤት መመላለሱ ታክቷቸው፣ «ይቅር እንግዲህ» ብለው ዝም ካሉም ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ሁለት ልጆች በጉዲፈቻ ለማሳደግ አመልክተዋል። እህትና ወንድም ናቸው፤ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እሱ ስድስት። የሕጻናት ጉዳይ ቢሮ ለጊዜው እንዲያሳድጓቸው በአደራ የሚሰጣቸው ቤተሰቦች ዘንድ፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ነው የኖሩት። ቢሮው ደውሎ «ባለሙያ መጥታ ቤታችሁን ታያለች» ካለ ወዲህ በዚያ ቤት ጤነኛ ሰው የለም። ሚስትየው ልብስ ሰፊ ናት፤ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፍታ አስረከበች። ባልየው ደግሞ አንድ ቁልፍ ሊያስቀርጹ ለመጡ ሽማግሌ አምስት ቀርጾ «ይያዙት አባባ፣ ምርቃት ነው» ብሎ ሸኛቸው።

ስልኩ ላይ ሌላም ነገር ተብሏል። በመጀመሪያው ጉብኝት ቤቱ ለልጆች የማይመች ሆኖ ከተገኘ ፋይሉ ይዘጋል፤ ልጆቹም ለሌላ አመልካች ይተላለፋሉ። ቁልፍ ሠሪው ይህችን ነገር ለሚስቱ ደግሞ አላነሳባትም፤ ግን አንዲት ደቂቃም አልረሳትም።

ቀጥሎ ከቢሮው የሚሞላ ቅጽ መጣ፤ አሥራ ሁለት ገጽ! «ልጅነትዎን ይግለጹ» ይላል፤ ላብ በላብ ሆነ። «ሲናደዱ ምን ያደርጋሉ?» ይላል፤ ሚስቱን በዓይኑ ጫፍ አየት አደረገና «ወደ ሱቄ እሄዳለሁ» ብሎ ጻፈ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ግን «መድኃኒት፣ ስለት ያላቸው ዕቃዎችና የጽዳት ኬሚካሎች ተቆልፈው ይቀመጡ» የሚል አገኘና ከወንበሩ ተነስቶ ጮቤ ረገጠ። «ይቺ የኔ ናት! ስሚ፣ ይቺ የኔ ናት!» መቆለፍ ነው የተባለው? መቆለፍ ምን ማለት እንደሆነ ያሳያቸዋላ!

አሳያቸውም። መድኃኒቱን ቆለፈ፣ ቢላውን ቆለፈ፣ የልብሱን ሳሙና ቆለፈ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? እጁ አንዴ ሞቋል። ስኳር ጥርስ ያበላሻል፣ ጨው ዓይን ይገባል፣ መስኮት ያስወድቃል፣ ብርጭቆ ይሰበራል፣ ቁምሳጥን ጣት ይቆነጥጣል እያለ ቤቱን ጠረቀመው። በመጨረሻ ፍሪጁን በስቶ፣ ብረት በብሎን አስሮ፣ ቡጢ የሚያህል ጓጉንቸር ሰቀለበት። የደንበኛ ቁልፍ ላይ ቁጥር ሳይጽፍ ከእጁ የማያወጣው ሰውዬ ታዲያ የራሱን ቁልፎች ግን «አውቃቸዋለሁ» ብሎ እንዳለ ቀለበቱ ላይ ሰካቸው። ወይ ማወቅ!

በሩ ተንኳኳ።

የቢሮው ባለሙያ ቀጠን ያለች ወጣት ናት፤ ከሷ የሚከብድ ቦርሳ ተሸክማለች። ተቀመጠች፤ ፈገግ አለች፤ ውሃ ጠየቀች። ቁልፍ ሠሪው «ወዲያው!» ብሎ ተነሳ። የብርጭቆው ሳጥን በስድስተኛው ቁልፍ ተከፈተ፤ ውሃው ያለበት ቁምሳጥን በዘጠነኛው። ባለሙያዋ በጨዋነት ግድግዳ ግድግዳ ስታይ ቆየች። መታጠቢያ ቤት እጇን ለመታጠብ ስትነሳም ባልየው ቀለበቱን ይዞ ከፊቷ ሮጠ። ሚስትየው መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች።

እሱ ግን ደስታው ዓይኑን ጋርዶታል። የልጆቹን ክፍል ሲያሳያት መስኮቱን እየነቀነቀ «በዝሆን አይከፈትም!» አላት። ከዚያ ወጥ ቤት አስገብቶ፣ ሙሽራ እንደሚያስተዋውቅ ሰው፣ በሁለት እጁ ወደ ፍሪጁ አመለከተ። ባለሙያዋ ስትጽፍበት የነበረው እስክሪብቶ ቀጥ አለ።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ለልጆቹ ደህንነት ነዋ!»

እስክሪብቶዋን ከደነች። «ፋይላቸውን ላነብላችሁ አልችልም። አንድ ነገር ግን ማወቅ አለባችሁ። ልጆቹ የቆዩበት አንድ ቤት ፍሪጁን ይቆልፍ ነበር። ልጅቷ እስከ ዛሬ ትራሷ ሥር ዳቦ ትደብቃለች። ለራሷ አይደለም፤ ለወንድሟ ነው።»

ቁልፍ ሠሪው ወደ ጓጉንቸሩ ዞረ። ሃያ ስምንት ዓመት የኮራበት ሙያ በአንድ ጊዜ አሳፈረው፤ አንዲት ሕጻን ትራስ አንስታ ዳቦ ስትሸጉጥ ታየችው። አለቀ፣ ልጆቼን በገዛ እጄ ቆለፍኩባቸው አለ በልቡ። «ልጆቼ» ማለቱን ያስተዋለው ካለ በኋላ ነው።

ሚስቱ ዘላ መሀላቸው ገባች። «የኔ ልጅ፣ ስሚኝማ። ይሄ ሰውዬ ክፋት አያውቅም። ደስ ብሎት ነው። ሌላው ሰው ደስ ሲለው ይዘፍናል፤ የኔው ይቆልፋል!»

ባለሙያዋ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ ይሁን ንዴት አልታወቀም። ቁልፍ ሠሪው ቀለበቱን ይዞ ፍሪጁ ላይ ተጣደ። አንደኛው እምቢ፣ ሁለተኛው እምቢ፣ ሰባተኛው እምቢ። «የት አባቱ!» አለና ቀለበቱን ወርውሮ ከደረት ኪሱ ካቻቢቴ መዘዘ። አራቱን ብሎን ፈታቸው፤ ብረቱ ከነጓጉንቸሩ፣ እንደተቆለፈ፣ መሬት ላይ ዷ! ብሎ ወደቀ። እዚያ አላበቃም። ስኳሩን ፈታ፣ ጨውን ፈታ፣ ብርጭቆውን ፈታ፣ ወደ ልጆቹ ክፍል በረረ። እግሩ ሥር ብሎን እንደ በቆሎ ተበተነ። ወደ መድኃኒቱ ሳጥን ሲዞር ባለሙያዋ እየሮጠች ደረሰችበት።

«ኧረ እሱን ይተዉት! የመድኃኒቱን ይተዉት! የቢላውንም! የሳሙናውንም!»

ካቻቢቴውን ይዞ በቆመበት ሁሉም ተያዩ፤ ባለሙያዋ ነበረች ቀድማ የፈነዳችው። ሦስቱም ብሎኑ መሀል ቆመው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«እና... ፋይሉ ተዘጋ?» አለ እሱ ሳቁ ሲበርድ።

«አልተዘጋም። ገና አራት ጉብኝት አለን» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ሲነግሩት የሚሰማ ሰው አይቻለሁ፤ እሱን እጽፋለሁ።»

ሚስትየው እሰይ ብላ ባለሙያዋን ጉንጯን ሳመቻት፤ ደንቡ ይፍቀድ አይፍቀድ የጠየቀ የለም።

ሊሸኟት በር ላይ ሲደርሱ ባለሙያዋ ቆም አለች። «ልጅቷ ስለ አዲስ ቤት ስነግራት አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀኝ፤ ‹የበሩን ቁልፍ ይሰጡናል?› ትለኛለች። እስካሁን አራት ቤት ኖረዋል፤ አንዱም አልሰጣቸውም።»

ቁልፍ ሠሪው አፉን ሲከፍት እጇን አነሳች። «ስጦታ መላክ ክልክል ነው። ቃል መግባትም ክልክል ነው።»

«እሺ፣ ቁመታቸውስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ሜትሩ እንደወትሮው አንገቷ ላይ ነው።

«እሱም ፋይል ውስጥ ያለ ነው፤ አልናገርም።» ባለሙያዋ ቦርሳዋን አነሳች። ከዚያ መንገዱን እያየች መዳፏን የበሩ መቃን ላይ አሳረፈች። «እዚህ ጋ ቀለሙ የለቀቀ ይመስለኛል» አለች። እጇን ትንሽ ዝቅ አደረገችና «እዚህም ጋ» አለች። መቃኑ ላይ ቀለም የለቀቀበት ቦታ አልነበረም።

ባለሙያዋ ገና ጥጉን ሳትታጠፍ ልብስ ሰፊዋ ጠመኔዋን አውጥታ ሁለቱንም ቦታ አሰመረች። ባልየው ሱቁ ሮጦ የቤቱን በር ሁለት ቁልፍ ቀረጸ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ጠርዙን በሞረድ ያለሰለሰው ቁልፍ የለም። ሁለት ምስማር ይዞ ተመለሰና መስመሮቹ ላይ ሊመታ ሲል ሚስቱ እጁን ያዘችው።

«መስመሩ እኮ አናታቸው ነው! ልጆቼ ለቁልፍ ሊንጠራሩ ነው? ዝቅ አድርግ! እንደገና ዝቅ!»

ዝቅ አድርጎ መታ፤ ቁልፎቹን ሰቀለ። ከዚያ የታችኛውን ቁልፍ አነሳና ወጣ፣ በሩን ከውጭ ቆለፈ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት የቀረው ሰው፣ መንገደኛ እያየው፣ የስድስት ዓመት ልጅ እስኪያክል ተንበረከከ።

ውስጥ ያለችው ሚስቱ «ምን ሆነሃል? አንኳኳና ልክፈትልህ!» አለችው።

ቁልፉ ገባ፤ በመጀመሪያው ዞረ። በሩ ተከፈተና በጉልበቱ እየዳኸ ገባ።

«አያንኳኩም» አላት። «ቤታቸው ነው፤ ሳያንኳኩ ነው የሚገቡት።»

ሚስቱ አጠገቡ ተንበረከከች፤ ስትስቅ እንባዋ ይወርዳል። «አምጣ» አለችው። «አሁን የእህቱ ተራ ነው።» የላይኛውን ቁልፍ ወስዳ ወጣችና በሩን ቆለፈች።