በአንድ ዓይኑ የተኳለ ሙሽራ

ዐረብ አገር፣ ባይሽ ውስጥ ፍየል የሚጠብቅ ሰው ዓይኑ ቢያምር ማን ያይለታል? ፍየሎቹ እንደሆኑ ለመልክ ደንታ የላቸውም።

ሰዓዴን ግን ነገር አገኘው። የዓይን ግፊት፣ ሐኪሞቹ ግላኮማ የሚሉት፣ ግራ ዓይኑን ሳያመው ሳይቆጠቁጠው አጠፋው። እሱ የነቃው ፍየሎቹ በግራው በኩል እየሾለኩ የሰው ማሽላ ሲፈጁ ነው። ለቀኙ ሐኪሙ ሁለት መድኃኒት በአንድ ብልቃጥ የተቀላቀለበት ጠብታ ሰጠው። «ማታ ማታ አንድ ጠብታ። የጠፋውን አይመልስም፣ የቀረውን ይጠብቃል። ካቋረጥከው ይሄኛውም ይሄዳል» አለው።

ጠብታው ሠራ። ሲሠራ ግን የዚያኑ ዓይን ሽፋሽፍትም አብሮ አበቀለ፤ ጥቁር፣ ረጅም፣ የግመል የሚያስንቅ። ግራው እንደነበረው ቀረ። አብሮት የሚጠብቀው ጌታቸው መዝናኛ አገኘ። «ሙሽሪት፣ ሌላውን ዓይን እንዳትኳይ ማን ከለከለሽ?» እያለ ያላግጥበታል።

ሰዓዴ ይህን ሁሉ ችሎ ነበር። ወሎ የታጨችለት ፋይዛ «ፊቱን በኢሞ ቪዲዮ ልየው» ስትል ግን ሐሞቱ ፈሰሰ። ሽፋሽፍቱ ይርገፍልኝ ብሎ ጠብታውን ተወ።

ጌታቸው ነቃበት። «ሲያጌጡ ይመላለጡ አሉ! ያንን ዓይን ካጠፋኸው ወላሂ አልመራህም፤ ከፍየሎቹ ጋር አስሬህ ነው የምሄደው» አለው። ሰዓዴ አልሰማም። ሰው ሊያገባ ሲል እኮ ይጃጃላል።

ፋይዛ ደወለች። ሰዓዴ ስልኩን በግራ ጉንጩ በኩል ይዞ ግማሽ ፊቱን ብቻ አሳያት።

«ሌላው ግማሽ የት ሄደ? ከፊልህ፣ ያ አሠሪህ፣ ወሰደው?» አለችው።

ጌታቸው ስልኩን ነጥቆ በቀኙ በኩል ደቀነበት። ፋይዛ አየችና እስክትንፈራፈር ሳቀች። ሰዓዴ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ። የመጣው ይምጣ ብሎ የጠፋውን ዓይን፣ ጠብታውን፣ መተዉንም ጭምር ነገራት።

ሳቋ ቆመ። «ለኔ ብለህ ነው የተውከው?»

«አዎ።»

«ዕውር ላግባ ብዬ ለምኜሃለሁ? ብልቃጡን አምጣ። እያየሁህ አድርግ።»

አንጋጦ ጠብ አደረገ። የተረፈው ጉንጩ ላይ ሲወርድ ጌታቸው በሽርጡ ጫፍ ጠረገለት፤ አላላገጠም።

«ኸላስ፣ በቃ» አለች ፋይዛ፤ ዐረብኛውን ደግሞ ከየት እንዳመጣችው እንጃ። «አንተ ዓይንህን ይዘህልኝ ና። ሽፋሽፍቱን እኔ እከረክመዋለሁ።»