የአንሶላው ጫፍ

የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ያን ሰሞን ሰልፈኛ የሚባል ሰው ዓይኗ እንዲያይ አትፈልግም ነበር። የሰፈሯ አውቶቡስ ከቀረ ወዲህ ሥራ የምትሄደው በእግሯ ነው። እሱስ ይሁን፣ ይለመዳል። በዚህ ሳምንት ግን ሰልፈኞች ድልድዩን እየዘጉባት ሁለት ቀን አረፈደች። አለቃዋም ጥርሱን ነክሶ፣ «ከደገምሽኝ አትምጪ» ብሏታል። ለእናቷ አልነገረቻቸውም፤ ለምን ይጨነቁ?

ሐሙስ ጠዋት አልጋዋን ልታነጥፍ ብትል ባለቢጫ አበባው አንሶላ ቁም ሣጥኑ ውስጥ የለም። እናቷም የሉም። «ጉልበቴን» እያሉ ከደጃፍ የማይርቁ ሴት በማለዳ ወዴት ሄዱ? ቆማ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም፤ ሮጠች።

ድልድዩ እንደፈራችው ሰው በሰው ሆኗል። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው፤ ሥራ መግቢያዋ ሁለት ሰዓት። «እባካችሁ አሳልፉኝ፣ ሥራዬን ልታሳጡኝ ነው!» ብትል በዚያ ጩኸት ማን ይስማት? እንባዋ መጣ። ቀና ስትል በሁለት የመወልወያ እንጨት የተወጠረ ጨርቅ አየች። ቢጫ አበባ። ጥጉ ላይ የካውያ ቃጠሎ። የሰው አንሶላ ስትተኩስ የምትውል ሴት የራሷን አቃጥላ፣ እናቷ ዓመት ሙሉ ስቀውባታል። በላዩ በጥቁር ቀለም «አውቶቡሱን መልሱልን፤ ልጄ በእግሯ አለቀች» ይላል። አንዱን እንጨት ጨብጠው የቆሙት እናቷ ናቸው።

«እማዬ! ጉልበትሽስ?»

«ቆሜ እኮ ነው፣ መች ሮጥኩ?» አሉ እንደተያዘ ልጅ አቀርቅረው። «ሁለት ቀን ባዶ እጄን ብጮህ የሚሰማኝ ጠፋ።»

«ያስረፈድሽኝ አንቺ ነሻ! ዛሬ ካረፈድኩ እኮ መባረሬ ነው!»

እናትየው ክው አሉ። ከዚያ ወደ ሰልፈኛው ዞረው፣ ያ ሁሉ ሕመም የት እንደገባ እንጃ፣ በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ። «ልጄ ይቺ ናት! ሥራዋ ሊቀርባት ነው፣ አሳልፏት!»

«የእማማ ልጅ ናት!» እየተባባለ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ቦርሳዋን ያዘላት፤ ሌላው «በርቺ፣ ሩጪ!» አላት። የሆስፒታሉን በር ስታልፍ ለሁለት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። አለቃዋ ሰዓቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ከበሩ ዞር አለላት።

ማታ ቤት ስትደርስ እናቷ እግራቸውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው አብጧል። ቀኑን ሙሉ ስታዘጋጀው የዋለችው ቁጣ ከአፏ ጠፋ፤ አንጀቷን በሏት። አንሶላውን አነሳች።

«እንዳታጥቢው! ጽሑፉ ይለቃል!»

አላጠበችውም። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ካውያውን ሰካች፤ በዚህ ጊዜ ግን ዓይኗን ሳትነቅል ጭምድዱን ሁሉ አቃናችው።

«ነገ በአንድ ሰዓት እንወጣለን» አለች። «እንጨቱን እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ።»

«ሥራሽስ?»

«እስከ ሩብ ጉዳይ ነው የምቆየው። ከዚያ ታሳልፉኛላችሁ።»