ግድግዳ የነካ ውሃ

ተማሪዎቿ በሌለችበት «እትዬ ቧንቧ» ይሏታል። ታውቃለች፤ አትጠላውም። ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረችው ውሃ በቧንቧ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ስለሆነ፣ ከዚህ የባሰ ስምም ሊወጣላት ይችል ነበር።

የዚያን ቀን ግን ሐሳቧ ቤቷ ነበር። ልጇ ሚስቱን ይዞ እሷ ዘንድ ከገባ ሰንበትበት ብሏል። ጠዋት ሲወጣ፣ «እማዬ፣ አብረንሽ እንኑር ወይስ ቤት እንከራይ? ማታ ቁርጡን ንገሪን» አላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባታልና «ኑሩ» ማለት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያስቸገረቻት ምራቷ ናት። «እንዴት ዋልሽ?» ሲሏት «ደህና»፣ ሲያዟት «እሺ»፤ ሌላ ቃል አይወጣትም። ድንጋይ ናት ብላ ደምድማለች። ከድንጋይ ጋር ደግሞ እንዴት ይኖራል?

ቤተ ሙከራው ውስጥ አንድ ተማሪ ጮኸ።

«መምህር፣ ፓምፑ ሞቷል! የፍጥነት መለኪያው ዜሮ ነው የሚለው።»

ቀረብ ብላ አየች። የመለኪያውን ጫፍ ከመስታወቱ ቧንቧ ግድግዳ ጋር አጣብቆታል፤ ያውም ውሃው የሚገባበት አፍ ላይ።

«ፓምፑን በቁሙ አትቅበረው» አለችው። «ግድግዳ የነካ ውሃ አይንቀሳቀስም። እሱ አጠገቡ ያለውን ይይዘዋል፣ ያም ቀጣዩን፤ መሃሉ ግን ይሮጣል። ደግሞ ከአፉ ራቅ በል፤ አሁን የገባ ውሃ ገና መልኩን አልያዘም። ወረድ ስትል ነው ዳሩም መሃሉም የየራሱን ፍጥነት ይዞ፣ ሳይለዋወጥ የሚሄደው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።»

ማታ ቤቷ ስትገባ ከማድ ቤት ሳቅ ሰማች። ምራቷ ከእህቷ ጋር በስልክ እያወራች፣ የባሏን ማንኮራፋት እያስመሰለች ትንከተከታለች። የመምህርቷ ሟች ባልም እንዲሁ ነበር ሲያንኮራፋ የኖረው። ሳቋ መጣና እየሳቀች ገባች።

ልጅቷ ስልኩን ዘጋች። ቀሚሷን አስተካክላ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ደህና አመሹ?»

አማትየዋ ቀን ለተማሪው ያለችው ትዝ አላት። ለካ ግድግዳዋ እኔ ነኝ አለች በልቧ።

ራት ላይ ልጇ ቁርጡን ጠየቃት።

«ተከራዩ» አለች።

ምራቷ ፊቷ ዐመድ መሰለ። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም፣ ልጄ። እኔ ባለሁበት መሳቅ አልቻልሽም። የራስሽ ቤት ግቢ፤ እኔ እንግዳ ሆኜ እመጣለሁ። ያን ጊዜ አንገቴን ደፍቼ ዝም የምለው እኔ ነኝ» አለችና፣ ባዶ የሚቀረውን ቤቷን ላለማየት ሳህኗ ላይ አቀረቀረች።