ስሱ ብርጭቆ

ልብስ ሰፊዋ ሻማ መሥራት የጀመረችው ለእርቅ ነው። ከታላቅ እህቷ ከነርሷ ጋር ሦስት ዓመት ተኳርፈዋል። ምክንያቱ ለሰው ቢናገሩት የሚያሳፍር ነው፤ እናታቸው ትተውላቸው ያለፉት ስድስት ብርጭቆ። ነርሷ "አንዱን ብቻ ስጪኝ" አለች፤ ሰፊዋ "ስድስቱ አይበተኑም" ብላ ድርቅ አለች። ከዚያ በኋላ መዘጋጋት ሆነ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ሰፊዋ ልቧ ራራ። ባዶ ብርጭቆ ይዞ መሄድ ግን ሽንፈት መሰላትና ዘዴ ፈጠረች። ሰም ገዛች፣ የሎሚ ሽታ ያለው ዘይት ገዛች። ሰሙን በቆርቆሮ አድርጋ የፈላ ውሃ ላይ አቀለጠች፤ ክሩ እንዳይጋደም በመርፌ ቁልፍ አንጠልጥላ ከስድስቱ ሁለቱን ብርጭቆዎች ሞላች። ከሰሙ ጋር የመጣው ወረቀት "ለጀማሪዎች፦ ወፍራም ብርጭቆ ብቻ" ይላል። የእናቷ ብርጭቆዎች እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሱ ናቸው። አነበበችውና አለፈችው። አንዱን ለነርሷ ወሰደች፣ አንዱን ለራሷ አስቀረች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቷ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሻማዋን ለኩሳ የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳጎነበሰች "ቋ!" የሚል ድምፅ ሰማች። ብርጭቆው ለሁለት ተሰንጥቋል። የቀለጠው ሰም ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ እሳቱም ተከትሎት ገና ያልተሰፋ ቀሚስ ጫፍ ላይ ወጣ። ውሃ አንስታ ልትደፋ ስትል ወረቀቱ ላይ "ውሃ በፍጹም" የሚል እንዳለ ትዝ አላት። የድስት ክዳን ደፋችበት። ጠፋ።

ያኔ ነው ክው ያለችው። ነርሷ የሌሊት ተረኛ ናት፤ ቀን ትተኛለች። ትናንት በስልክ "ሻማሽን ሳልለኩስ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ቤቱ ሎሚ ሎሚ ይላል" ብላታለች።

ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ በቤት ጫማዋ ሮጠች። መንገዱ ከዐሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ ዛሬ ግን አላልቅ አለ። በየመታጠፊያው ጭስ ያየች እየመሰላት ወደ ላይ ታንጋጥጣለች። "እኔው ነኝ የገደልኳት" አለች ጮክ ብላ፤ ሰዎች ዞር ዞር ብለው አዩዋት።

ሦስተኛ ፎቅ ደርሳ በሩን ደበደበችው። ዝም። አፍንጫዋን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠግታ አሸተተች። ምንም አይሸትም፤ ይኼ ደግሞ ይባስ አስፈራት። በጡጫዋ ደገመችው።

"እትዬ! እትዬ! ተነሽ!"

በሩ ተከፈተ። ነርሷ ፀጉሯ ተንጨባሮ፣ ዓይኗ አብጦ ቆማለች።

"ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?"

"ሻማው! ሻማውን ስጪኝ!"

የነርሷ ፊት ጠቆረ። በሩን በክንዷ ጋረደችው።

"ገና በሳምንቱ? ብርጭቆዋ ቆጨችሽ አይደል? ድሮም አውቅሻለሁ።"

"እትዬ፣ በእናትሽ..."

"ቂም ይዞ ጸሎት! የሰጠሽኝን ልትነሺኝ መጣሽ?"

"ይፈነዳል! የእኔው ፈነዳ! ተኝተሽ ልትቃጠዪ ነው!"

ሰፊዋ ከክንዷ ሥር ሾልካ ገባች፣ የመኝታ ቤቱን በር በረገደችው። ብርጭቆዋ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። ሰም የለባትም፣ ክር የለባትም። ግማሽ ድረስ ውሃ ተሞልታለች።

"ሻማውስ?"

ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ጣቷን ታፍተለትላለች። ቁጣዋ የት እንደገባ እንጃ።

"ያመጣሽው ቀን ነው ፈንቅዬ ያወጣሁት። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ። እኔ መቼ ሻማ አማረኝ? ያማረኝ እማዬ በምትጠጣበት መጠጣት ነው።"

"በየቀኑ እለኩሳለሁ ያልሽኝስ?"

"ይከፋሻል ብዬ ዋሸሁ።"

ሰፊዋ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አለች።

"እንኳን ዋሸሽ" አለች። "እንኳን ዋሸሽኝ፣ አንቺ ውሸታም!" ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት።

ነርሷ ብርጭቆዋን አንስታ ሰጠቻት። ሰፊዋ አንዴ ተጎነጨችና ፊቷን አጨማደደች።

"ሎሚ ሎሚ ይላል።"

"እሱ እውነቴን ነው። ሦስት ጊዜ አጥቤያት ሽታው አልለቅ አለ።"

ሰፊዋ ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

"አራት ቀርተዋል" አለች። "ነገ አመጣልሻለሁ።"

"ሰም ሳትሞይባቸው?"

"ባዷቸውን።"