መድኃኒት ወይስ ውሃ

ሳቢት ጉለሌ ውስጥ ሃያ ዓመት እህል ሲሸጥ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ንግድ ፈቃድ ይዞ የኖረ ሰው ነው። ጤፍ ሲረከብ ከጆንያው አፍ ሳይሆን ከመሃሉ ዘግኖ ያያል። እንዲህ ያለውን ሰው «የምትወጋው መድኃኒት ይሁን ውሃ አንነግርህም» ብሎ ማሰናበት ግፍ ነው።

ኤች አይ ቪ በደሙ ከተገኘ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። መድኃኒቱን ሳያዛንፍ ስለሚውጥ ቫይረሱ አደብ ገዝቷል። ያስቸገረው ጉልበቱ ነው፤ ሆዱ ሲገፋ ክንዱና ጭኑ ለገሙ። ጆንያ ማንሳቱን ለሚስቱ ለጀዊሪያ ከተወ ሦስት ዓመት አለፈው፤ ይህም ያሳፍረዋል። ጳውሎስ ሆስፒታል ጥናት የምታካሂደው ዶክተር ናዝሬት ምስል አንስታ ጡንቻው መሃል ስብ እንደገባበት አሳየችው። ሰውነት የራሱን የዕድገት ሆርሞን እንዲያመነጭ የሚቀሰቅስ መርፌ አለ፤ ያንን ስብ ይቀንስ እንደሆነ ስድስት ወር ይሞከራል። ግማሹ ሰው መድኃኒቱን፣ ግማሹ ባዶ ፈሳሽ ይወጋል። ለማን የቱ እንደደረሰ እሷም አታውቅም።

«አንድ አደራ፣ አቶ ሳቢት» አለችው፤ «እስከዛሬ ያልሠሩትን ስፖርት እንዳይጀምሩ፤ ውጤቱን ያምታታብናል።»

ሳቢት ስፖርት አልጀመረም። የጀመረው ምርመራ ነው። በየማለዳው ሱብሂ ሰግዶ፣ መርፌውን ሆዱ ላይ ተወግቶ፣ ሱቅ ገብቶ ሃያ አምስት ኪሎ የዱቄት ጆንያ ያነሳል። መድኃኒት ከሆነ ይቀለኛል፣ ውሃ ከሆነ ይከብደኛል፤ በቃ! መጀመሪያ ሁለቴ አንስቶ ቁና ቁና ተነፈሰ። በወሩ አሥር ጊዜ አነሳ። በአምስተኛው ወር ሠላሳ ደረሰ።

«መድኃኒቱ ነው የደረሰኝ!» አላት ለጀዊሪያ፣ እንደ ልጅ እየፈነደቀ።

«አንተ ሰውዬ» አለች እየሳቀች፤ «እኔም ሳነሳው ሳነሳው ቀለለኝ። እኔን ማን መርፌ ወጋኝ?»

ሳቢት መፈንደቁን ትቶ ጆንያውን በጥርጣሬ አየው።

ስድስት ወሩ ሲሞላ ዶክተር ናዝሬት አዲሱን ምስል አይታ ከወንበሯ ተነሳች። «ስቡ በጣም ቀንሷል! እንዲህ ያለ ለውጥ ገና አላየሁም።»

ዝም ቢል የሚያውቅበት የለም። ቢናገር የስድስት ወር ልፋቱ ሊሰረዝ ነው፣ ውርደቱም አለ።

«እ... ዶክተር፣ ጆንያ ሳነሳ ነው የከረምኩት» አለና ሁሉን ዘረገፈላት።

ናዝሬት ተመልሳ ተቀመጠች። ተናዳለች፤ ግን ነገሩ ገርሟታል። «ታዲያ አሁን ምን አስነገረዎት? ቢተዉት ማን ያውቅ ነበር?»

«ያሻለኝ ጆንያው ቢሆንስ? የኔን ምስል አይታችሁ ስንቱን በሽተኛ በየቀኑ ሆድህን ተወጋ ልትሉት ነው?»