ዶማ የማይነሣበት ሰሞን

ዘመናትን የሚያፈራርቅ፣ የሰውንም ዕለተ ሞት እርሱ ብቻ የሚያውቅ አምላክ እንግሊዞች በሚገዙት በቡሌሜዚ አገር የሆነውን ይህን ነገር አስቀድሞ ያውቀው ነበር፤ የመንግሥት አዋጅ ግን አላወቀውም።

አዋጁ የለቀማው ወራት ሲያልፍ የጥጥ አገዳ ሁሉ እስከ ቅዳሜ ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠል፣ ያልነቀለ ለከርሞ ዘር አይሰጠውም ይላል። ዘርም ከመንግሥት እጅ በቀር አይገኝም። መበለቲቱ ናምፒማ ሴት ልጅዋን በሚስዮን ትምህርት ቤት የምታስተምረው በዚያው ጥጥ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ዶማዋን ስታነሣ የጎረቤትዋ የሽማግሌው የሴሩንጆጊ መርዶ በከበሮ ተሰማ። ዶማዋን መልሳ አስቀመጠች። ሬሳ ሳይቀበር መሬት የቆፈረ በሟች እንደ ተደሰተ ይቆጠራል፤ ቀብሩም የበኩር ልጁ ከሩቁ ከጂንጃ ከተማ እስኪደርስ እሑድ ሊሆን ነው።

ወደ ጭቃ ሹሙ ወደ ካፌሮ ሄዳ ተንበርክካ ለመነች።

«ጌታዬ፣ ቀኑን ያራዝሙልኝ።»

«ቀኑ የእኔ ቢሆን ለራሴም ባራዘምሁት። የእኔስ ማሳ ቆሞ የለም?»

«አምና አጥሬን ተደግፈው ‹ዛሬውኑ ንቀይ፣ ለነገ አትበይ› ሲሉኝ ግን ሹም ነበሩ።»

«ዘንድሮም ሹም ነኝ። ሹመቴ አንቺን እስከ ማዘዝ ብቻ ነው።» ጥቂት አሰበና፣ «በእጅሽ ንቀይው። በእጅ መንቀል መቆፈር አይባልም» አላት።

«ይህን ለሟቹ ሚስት ይንገሩልኝ።»

«እኔ? አልደፍርም።»

ራስዋ ሄዳ ጠየቀች። ሐዘንተኛይቱ ቀና ሳትል፣ «የዶማ ድምፅ ብቻ አታሰሚኝ፣ ልጄ» አለቻት።

ሁለት ቀን ሙሉ በእጅዋ ነቀለች። መሬቱ ደርቆ እንደ ሸክላ ጠጥሮ ነበርና አገዳው ከአንገቱ እየተቀነጠሰ ሥሩ ቀረ። መዳፍዋ ተላጠ። ቅዳሜ የተነቀለውን ሁሉ አቃጠለች፤ እሑድም ሽማግሌው ተቀበረ።

ሰኞ እንግሊዛዊው የእርሻ ሹም ከአስተርጓሚው ጋር በብስክሌት መጣ። ጉቶውን በጫማው ነካ አደረገ።

«ሥሩ አለ ይላል ጌታው» አለ አስተርጓሚው።

«ሰው ሞቶብን እንደ ነበር ንገርልኝ።»

ተነጋገሩ። «አዋጁ ለሞት ቀን አልተወም ይላል።»

«ታዲያ ሞትን ዘር ይከልክለው።»

አስተርጓሚው ይህን አላስተረጐመም። ስምዋ ከዘር መዝገብ ተሰረዘ፤ የካፌሮም ማሳ ጉቶ ተገኝቶበት ስሙ ከስምዋ በታች ተሰረዘ።

ሄደው ሲያበቁ ናምፒማ ዶማዋን አንሥታ ጉቶውን መንቀል ያዘች። ካፌሮም የራሱን ዶማ ይዞ መጣ።

«አሁን ለማን ብለሽ ነው?»

«ለባቄላ። ባቄላ ገና አዋጅ አልወጣበትም።»

«ባቄላ ትምህርት ቤት አያስገባም።»

«አያስገባም» አለች፤ ዶማዋንም በኃይል ሰነዘረች።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህን እግዚአብሔር ይባርክ፤ የምታለቅስበትን ቀን ሌላ አይቍረጥልህ፣ በእጅህ ያለውም ዘር ለልጆችህ ይትረፍ። አሜን።